ሳሙና የማይቀበል ውሃ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር መግቢያ፣ የአቃቂ ወንዝ ሆዱ ጎድሎ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሹለከለከ ይፈስ ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጭስ በበሰቃ ሠፈር ጣሪያዎች ላይ ረብቦ ይውላል፤ የጅቡቲው ባቡር በጣቢያው ሲያልፍ የሚያሰማው ፉጨት ግን እንደ ድሮው ልጆችን ከየቤቱ እያስሮጠ አያወጣም። ያን ጊዜ ከቤት መውጣት ራሱ የሚታሰብበት ነገር ሆኖ ነበር። ሌሊት ጥይት ይንጣጣል፤ ጠዋት ሬሳ ይገኛል፤ በሬሳው ደረት ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ እናት ልጇን አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ያለቀሰች እንደሆነ የጸረ አብዮተኛ ወገን ናት ተብላ ትያዛለች። ወይ ዘመን! ሰው የገደለ ዘመንስ ስንቱን አይተናል፤ እንባ የከለከለ ግን እሱን ብቻ አየን።

በዚያ ሠፈር፣ ከጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለ አንድ ክፍል ጸጉር ቤት ነበረች። ባለቤቱ ኑሪ የወሎ ሰው ነው፤ ባለፈው ዓመት በእናት አገር ጥሪ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሲዘምት ምላጩንና ወንበሩን ለሚስቱ ለኡምሰልማ ትቶላት ሄደ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ የዘማች ሚስት ስለሆነች ብቻ አልነጠቋትም። ሴት ወንድ ስትላጭ በአቃቂ ታይቶ አያውቅምና፣ መጀመሪያ ሰሞን «ይቺ ሴትዮ ጉሮሯችንን ልትበጥሰው ነው» እያሉ ያሾፉባት ወንዶች፣ ትንሽ ቆይተው ከበራፏ ተራ ይጠብቁ ጀመር። ያመጣቸው አረፋዋ ነው።

የአቃቂን የጉድጓድ ውሃ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ሳሙና አይቀበልም። ማንቆርቆሪያ ቢጥዱበት ሆዱን በነጭ ቅርፊት ይደፍነዋል፤ ነጠላ ቢያጥቡበት አድርቆ ያወጣዋል፤ ሳሙና ቢፈትጉበት አረፋው ፏ ይልና ወዲያው ይሞታል፤ ከሥሩ የተበጣጠሰ እርጎ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ኡምሰልማ ግን ይህን ውሃ እንደ ክፉ አማት ጠባዩን አጥንታ ይዛዋለች። አመሻሽ ላይ አፍልታ ታሳድረዋለች፤ ነጩ ነገር ከታች ሲረጋ የጠራውን ከላይ ከላዩ ቀስ አድርጋ ትቀዳለች። ብሩሹን ለብ ባለው ውሃ ነክራ ትጨምቀዋለች፤ ከዚያ በክቡ የጺም ሳሙና ላይ ሳትቸኩል ታዞረዋለች፤ ሳሙናው እንደ ቅባት እስኪወፍር ታዞረዋለች፤ ውሃውን ከዚያ ወዲያ ነው በጣቷ ጫፍ ጠብ፣ ጠብ የምታደርግለት። «ውሃ ያስቸኮለ ሰው አረፋውን በቁሙ ቀበረው» ይላት ነበር ኑሪ። እንዲህ ሆኖ የወጣ አረፋ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ እንኳ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

ከጸጉር ቤቷ ጀርባ፣ በአንድ ግቢ፣ አቶ ተሰማና ወይዘሮ ደብሪቱ ይኖራሉ። አቶ ተሰማ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ በፋብሪካው የሽመና ክፍል ያረጁ፣ በሠራተኛው ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ፈቀደ። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይባል የለ? ወይዘሮ ደብሪቱ ያ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ በር ላይ ቆመው ነው የሚውሉት። ኑሪ ከግንባር የሚልከውን ደብዳቤ ለኡምሰልማ የሚያነብላትም ፈቀደ ነበር፤ የኑሪን የወሎ አነጋገር፣ «አብሽሪ» ማለቱን ሳይቀር፣ አስመስሎ ሲያነብላት ሳቋን መቆጣጠር ያቅታታል። ባሏን የምትሰማው በዚያ ልጅ አፍ ነበር። በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት ፈቀደ በባቡር ሐዲዱ ዳር ወድቆ፣ ደረቱ ላይ ያ ወረቀት ተለጥፎበት ተገኘ።

ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ድንኳንም አልተተከለ። የግቢው ሴቶች የሽንኩርት ቅርጫት ተሸክመው ከወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ተሰበሰቡ፤ እሱን እየከተፉ አለቀሱ። የአብዮት ጥበቃዎቹ ብቅ ብለው «ምንድነው እንባው?» ሲሉ «የሽንኩርት ነው» አሏቸው። ከዚያ ሁሉ ሽንኩርት ወጥ የሠራ የለም፤ ቅርጫቱ እንዳለ ተደፋ። ኡምሰልማም ከመሃላቸው ነበረች፤ ስትከትፍ ጣቷን ቆርጣው፣ ደሙን እያየች፣ ለጣቷ ያለቀሰች መስላ ለፈቀደ አለቀሰችለት።

ከዚያ ወዲህ የቀረው ሐዘን የአቶ ተሰማ ጺም ብቻ ነበር። ጥቁር አልለበሱም፤ ከሥራም አልቀሩም፤ ጺማቸው ግን አደገ፤ ነጭ ሆኖ ጉንጫቸውን ሸፈነ። ማንም ምንም አይላቸውም፤ ያየ ሁሉ ግን ያውቃል። በሽመና ክፍሉ ልጅ የሞተባቸው ሌሎች አባቶችም ነበሩ፤ እነሱ ፈርተው ተላጭተዋል፤ በመንገድ ሲያገኟቸው ግን ቆብ ያነሱላቸው ጀመር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወልደየሱስ ይባላል፤ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ከበደውና «ጓድ ወልዴ በሉኝ» አለ። ቆብ ሲነሣ ያየው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ የላብ አደሮች ቀን ከፋሲካ ማግሥት ይውላል፤ ሰልፍ አለ፤ ባንዲራ አለ፤ ከበላይ የሚመጡ ጓዶች አሉ። ጓድ ወልዴ አሰበ፣ አሰበና፣ ያን ጺም በአዋጅ ከማስወረድ ባንዲራ አስይዞ ማስወረድ ይሻላል አለ። ክፋት ሲበለጥግ እንዲህ ነው፤ ሰውን አዋርዶ «አከበርኩህ» ይላል።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ጸጉር ቤቷ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ጓድ ወልዴ አቶ ተሰማን ከፊቱ አስቀድሞ ገባ። ሙህዲን የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ምንሽሩን አንግቶ ከኋላ ቆመ።

«ጓዲት ኡምሰልማ!» አለ ጓድ ወልዴ፣ ስብሰባ እንደሚከፍት ሰው። «አብዮታዊ ግዴታ ይዘንልሽ መጥተናል። ጓድ ተሰማ በላብ አደሮች ቀን የቀበሌያችንን ባንዲራ ይዞ ከፊት ይሰለፋል። ይኼን ዱር መንጥሪለት!»

አባቱ የሚሆኑትን ሰው «ይዞ» ሲል አፉን ትንሽ እንኳ አልያዘውም፤ ጓድ መባባል ከመጣ ወዲህ አንቱታ አብሮ ተቀብሮ ነበርና። አቶ ተሰማ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በመስተዋቱ ውስጥ ከኡምሰልማ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ግን ቀድመው ያቀረቀሩት እሳቸው ናቸው።

ኡምሰልማ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። አንድ ጎን ያሳደረችው የጠራ ውሃ በእንስራ ተቀምጧል፤ ሌላ ጎን ከጉድጓድ እንደመጣ በባልዲ ያለው ለወለል መወልወያ ነው። እጇ እንደ ልማዱ ወደ እንስራው ሄደ፤ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። «ያ ረቢ» አለች በልቧ፤ ባልዲውን አነሣች።

ብሩሹን ሳትጨምቅ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ሳሙናው ላይ አሽከረከረችው። አረፋው ፏ ብሎ ተነሣ፤ ሰዉ አይቶት ሳይጨርስ ሟሸሸ። ደገመች። በሳህኑ ውስጥ የቀረው ያ የተበጣጠሰ እርጎ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃው ሳሙና አልቀበል አለ» አለች።

«እስከ ዛሬ ሲቀበል አልነበር?»

«በጋው ገፋ፤ ጉድጓዱ ጎደለ፤ የሚወጣው ዝቃጩ ነው። ካዘዙኝ እላጫለሁ፤ ያለ አረፋ ምላጭ ሳሳርፍባቸው ግን ቆዳቸው ይገሸለጣል። ባንዲራ ያዡ ፊታቸው ተልጦ፣ ደም እየወረደ ቢሰለፉ፣ ከላይ የሚመጡት ጓዶች ደብድባችሁ ነው ያመጣችኋቸው ቢሉስ?»

ጓድ ወልዴ አገጩን አሻሸ። ተራ ጠባቂዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር፤ ከመሃላቸው አንዱ ሳል ያፈነው እየመሰለ ሳቁን ዋጠ። ሊቀመንበሩ «ሳሙናው ነው!» አለ በመጨረሻ፤ «የበሰበሰ የቡርዧ ሳሙና!» ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ ተመለሰ። በሕማማት ሳምንት፣ ክርስቲያን ሁሉ በሚሰግድበት ቀን መሆኑ ነው፤ ለሱ ምኑም አይደለም። ከኅብረት ሱቁ መጋዘን በብር ወረቀት የተጠቀለለ የምሥራቅ ጀርመን ሳሙና ይዟል። «የሶሻሊስት ወዳጆቻችን ሳሙና!» አለና ለቆመው ሰው ሁሉ እያዞረ አሳየ። ኡምሰልማ በአክብሮት ተቀበለችው፤ መዓዛውን አሽትታ አደነቀች፤ ከዚያ ወደ ባልዲዋ ወሰደችው። የማርክስ አገር ሳሙና ሳይቀር በአቃቂ ጉድጓድ ውሃ እጁን ሰጠ።

«ሐሙስ ጠዋት» አለ ጓድ ወልዴ፣ ፊቱ ጠቁሮ። «ሐሙስ ጠዋት በምንም ይሁን በምን ይላጫል። አለዚያ ይኼ ቤት የሰፊው ሕዝብ መሆኑን አስታውሽ።»

ሲወጣ ሙህዲን ወደ ኋላ ቀረት አለ። የስልጤ ባለሱቅ ልጅ ነው፤ ከወራት በፊት ለሠርጉ የላጨችው እሷ ናት።

«እታለም፣» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለሠርጌ ስትላጪኝ አረፋው አፍንጫዬ ገብቶ ሲያስነጥሰኝ ነበር። ያ ውሃ የት ሄደ?»

«ያኔ ሠርግ ነበር።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። «ወላሂ ሦስተኛ ጊዜ አያምንሽም። ቤቱን ይወስድብሻል። ኑሪ ሲመለስ የት ብሎ ይፈልግሻል?»

አንጀቷን ያገኘው ይህ ነው። ደብዳቤው የሚመጣው በዚያ ቤት አድራሻ ነበር፤ ከመጋቢት ወዲህም ሳይከፈት የተቀመጠ አንድ አለ፤ የሚያነብላት ሞቷልና። ቤቱ ከሄደ ኑሪ ከጣቢያው ወርዶ፣ ከረጢቱን አንግቶ፣ የማያውቀው ሰው በሩን ሲከፍትለት ታያት። ሙህዲን ከሄደ በኋላ ወንበሩ ላይ ራሷ ቁጭ ብላ ፊቷን በመስተዋቱ አየች። ፈርታለች፤ ፍርሃቷም ያስታውቃል።

አመሻሹ ላይ አቶ ተሰማ በጓሮ በኩል መጡ። አልተቀመጡም።

«ኡምሰልማ ልጄ፣ ቅዳሜ ዕለት ነው የገባኝ» አሏት። «እግዜር ይስጥሽ። አሁን ግን ይብቃሽ። ሐሙስ ላጪኝ። ጸጉር ነው፤ ይበቅላል።»

«ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እውነት ነው።»

«በኔ ጺም ያንቺ ቤት አይፈርስም!»

«እኔ በዚህ እጄ ስላጭዎ እኮ ፈቀደ አልሞተም ማለቴ ነው» አለች። «የሞተውን አልሞተም አልልም። እርስዎ ቢፈቅዱ እንኳ እኔ አልፈቅድም። ይቆጡኝ።»

አቶ ተሰማ ጺማቸውን በእጃቸው ዳብሰው፣ እንደመጡ በጓሮ ወጡ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ ወረደ። ሳይታሰብ ነው የመጣው፤ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ደበደበው፤ በጋውን ሙሉ የተንጠለጠለውን አቧራ አጥቦ ወደ ወንዙ ነዳው። ኡምሰልማ በሯ ላይ ቆማ፣ ሳሙና የሚቀበል ውሃ ከሰማይ ሲወርድ አየች። ዝናብ ደጋግ ሰዎችን ባልዲ እንደሚያስደቅን ማን በነገራት! የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት በሩን ስትከፍት ወይዘሮ ደብሪቱ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ራሳቸውን በሻሽ ጠምጥመው፣ አፉ ድረስ የሞላ ባልዲ ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው። ውሃው ጠጠር ብትጥልበት ትታያለች፤ እንደዚያ የጠራ ነው።

«እትዬ፣ ምንድነው ይኼ?»

«የዝናብ ውሃ ነው፤ ከጣሪያው የመጀመሪያውን አስወርጄ፣ ጥሩውን ነው የደቀንኩልሽ። ጉድጓዱ አስቸገራት ሲሉ ሰማሁ። የዝናብ ውሃ ሳሙና ይወዳል። ተሰማ መላጨቱ ካልቀረለት ቆዳው እንኳ አይጎዳ ብዬ ነው፤ ቆዳው ስስ ነው የሱ።»

ኡምሰልማ ክው አለች። ያቺን ውሸት ጓድ ወልዴ ተጠራጠራት፤ ሙህዲን ነቃባት፤ አቶ ተሰማ ገባቸው፤ ከልባቸው ያመኗት ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻ ኖረዋል! ባልየውም ሚስታቸውን ላለማስፈራት አልነገሯቸውም። «ይመልሱት» ልትል አሰበች፤ ሴትዮዋን አይታ አልቻለችም።

«ደግሞ አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ወደ ውስጥ ገብተው መጋረጃውን እየጋረዱ። ሻሻቸውን ፈቱ። ግማሹ የሸበተ ረጅም ጸጉር ትከሻቸው ላይ ወረደ። «እናቴ ለወንድሜ ተላጭታለች። እኔ ለልጄ ይኼን አበጥሬ፣ ቅቤ ቀብቼ እኖራለሁ? የሱ ጺም ዛሬ ከወረደ የኔ ጸጉር ይውረድ። ሐዘኑ አንዳችን ላይ እንኳ ይታይ እንጂ ልጄ! ልጄ እኮ ውሻ አልነበረም!»

ኡምሰልማ መልስ ሳትሰጣቸው ከውጭ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ጓድ ወልዴ፣ አቶ ተሰማ፣ ሙህዲን፣ ከኋላቸውም ወሬ የሳበው ሠፈርተኛ ገቡ። ሊቀመንበሩ ገና ከመግባቱ ዓይኑ ባልዲው ላይ አረፈ። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ነከረ፤ ቀመሰው።

«የዝናብ ውሃ!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «አሁን ምን ትያለሽ? እናቴ በዝናብ ውሃ ስታጥብ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አረፋው ከገንዳ ይፈስ ነበር! በይ ጀምሪ!»

አቶ ተሰማ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኡምሰልማ ብሩሹን ነከረች። ጨመቀችው። እንደሚገባው፣ ኑሪ እንዳስተማራት፣ ሳሙናው ላይ ታዞረው ጀመር። ለምን እንደዚያ አሳምራ እንደሠራችው በኋላ ስትጠየቅ «መዋሸት ሰልችቶኝ» ነው ያለችው። ውሃውን በጣቷ ጠብ፣ ጠብ አደረገች። አረፋው ተነሣ፤ ወፈረ፤ ከሳህኑ አፍ አለፈ፤ ብሩሹን ስታቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚያ ቤት ያን የመሰለ አረፋ ወጥቶ አያውቅም።

«ይኼውና!» ብሎ አጨበጨበ ጓድ ወልዴ። «አላልኩም? ውሃው ተቀበለ!»

«አዎን ጓድ ሊቀመንበር» አለች ኡምሰልማ። «ውሃው ተቀብሏል። እጄ አልተቀበለም።»

«ምን አልሽ?»

«አልላጫቸውም። ቅዳሜም ውሃው ምንም አልሆነም ነበር፤ ማክሰኞም እንደዚያው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ይነሡ፤ ወንበሩ ይፈለጋል።»

አቶ ተሰማን በክንዳቸው ይዛ አስነሣቻቸው። መጋረጃውን ገልጣ ወይዘሮ ደብሪቱን በእጃቸው አወጣቻቸው። ጸጉራቸው እንደተፈታ፣ በወንድ ሁሉ ፊት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጸጉሩን በመቀስ ከሥሩ ሸለተችው፤ ከዚያ ያን አረፋ በሙሉ እፍኝ እያደረገች ራሳቸው ላይ ጫነችው፤ ምላጩን ከግንባር ወደ ኋላ ሳበች። አረፋው የሄደበት መንገድ ነጭ የራስ ቅል ሆኖ ወጣ።

«ፈቀደ!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፤ ከዚያ በመጋቢት ያልወጣው ጩኸት ወጣ። «ፈቀደ! ልጄ! አንድዬ!» ያን ጩኸት ጣቢያው ድረስ የሰማው ሰው አለ።

«ያዛት!» ብሎ ጮኸ ጓድ ወልዴ። «ሙህዲን! ያዛት ይቺን አድኃሪ!»

ሙህዲን አንድ እግር ወደፊት ራመደና ቆመ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ምላጭ ይዛለች» አለ። «ብነካት የሴትዮዋ ራስ ይሰነጠቃል። ትጨርስና እይዛታለሁ።»

«አንተም?»

«እኔ ምን አልኩ? ትጨርስ ነው ያልኩት።»

ጓድ ወልዴ ዙሪያውን አየ። ሠፈርተኛው አልተንቀሳቀሰም፤ ግን ማንም ዓይኑን አልሰበረለትም። «ታጣቂ ይዤ እመለሳለሁ!» አለና፣ በሩ ጋ የቆሙትን እየገፋ ወጣ። ሙህዲን ምንሽሩን አውርዶ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ተላጭተው ሲነሡ ሻሻቸውን መልሰው አላሰሩም። ራሳቸውን ገልጠው፣ ባላቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ ከጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ መሃል ለመሃል ሄዱ። ሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩአቸው። ትንሽ ቆይቶ ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት መጥታ ሙህዲንን ሳታየው አለፈችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ልጇ በታኅሣሥ ተገድሏል። ከሷ በኋላ ሁለት እህትማማቾች መጡ፤ ወንድማቸውን ነው ያጡት። ማንም ለማንም አልነገረም፤ ማንም «ላጪኝ» አላለም፤ ነጠላቸውን ገልጠው ይቀመጣሉ፤ ኡምሰልማ አረፋ ትመታለች፤ እያለቀሱ ይላጫሉ። ታጣቂዎቹ በመኪና ሲደርሱ ባልዲው ሥሩ ታይቷል፤ ኡምሰልማም ምላጩን አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ኪሷ ከታ እየጠበቀቻቸው ነበር።

«ነይ ውጪ!» አላት አንደኛው።

«እጄን ልጥረግና» አለች፤ ሳትቸኩል ጠረገች።

ክረምቱን በእስር አሳለፈች፤ ምን እንደተደረገባት ለማንም አልተናገረችም፤ ስትወጣ ግን ግራ እጇ አልዘረጋ ብሎ ነበር። ጸጉር ቤቷ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። የላብ አደሮች ቀን ሰልፍ በወጉ ተከናወነ፤ ባንዲራውን ሌላ ሰው ያዘው። አቶ ተሰማን «ጤናህ አልተመቸህም፤ ቤትህ ዋል» ብለው አስቀሯቸው፤ ጥቂት ቆይተው ከሥራም አሰናበቷቸው። ጺማቸው ግን አርባውም ሰማንያውም አልፎ አልወረደም። «መቼ ነው የሚያበቃው?» ላላቸው ሰው ሁሉ «የምትላጨኝ ስትፈታ» ነበር መልሳቸው። በመስከረም ኡምሰልማ ወጣች፤ በግቢያቸው፣ በፀሐይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በቀኝ እጇ ላጨቻቸው። ሐዘኑ ባለሐዘኑ በመረጡት ቀን አበቃ። ወይዘሮ ደብሪቱም በግራ እጇ ፈንታ ሳህኑን ይዘውላት ቆሙ።

ኑሪ አልተመለሰም። መሞቱን የነገራት የለም፤ መኖሩንም እንዲሁ። ሳይከፈት የተቀመጠውን ደብዳቤ ቤቱ ሲወረስ የት እንደጣሉት አይታወቅም። ኡምሰልማ ብዙ ዓመት ከጣቢያው በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በየሰው በራፍ፣ የሕፃናትን ራስና የሐዘንተኞችን ጸጉር እየላጨች ኖረች፤ አርጅታም በአቃቂ ተቀበረች።

ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ለሟቾቹ በአደባባይ ተለቀሰ፤ አጽማቸው ተፈልጎ ወጣ፤ የፈቀደም ስም ከብዙ ስሞች ጋር ተጠራ፤ ይገባዋል። ጓድ ወልዴ ተከሶ ወደ ችሎት ሲቀርብ ሙሉ ስሙን ተጠይቆ «ወልደየሱስ» አለ። ሙህዲን ዛሬ ሸምግሎ ከልጆቹ ጋር በገላን ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ስለዚያ ሐሙስ ያነሡበት እንደሆነ «እኔ ምን ሠራሁ? ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ» ይልና ወሬውን ወደ ሌላ ያዞረዋል። ታሪክ የተገደሉትን ቆጥሯል፤ የገደሉትንም ጠይቋል፤ ማን አለቀሰላቸው ብሎ ወደዚያ ሠፈር የመጣ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።